የዛገ ቡሎንና የችኮላ ሂሳብ

ጋራዥ ውስጥ ሞተር ሲጮህ ማንም አይደነግጥም። ግራይንደር ብልጭታ እየረጨ ሲያፏጭም ሻዩን የያዘ ሰው ወሬውን አያቋርጥም። አንዲት አጭር ድምፅ ግን አለች፤ ‹‹ጧ!›› የምትል። እሷ ስትሰማ ሁሉም ዞር ይላል። ከመኪናው ሥር ደግሞ ‹‹ወይኔ!›› የሚል ድምፅ ይከተላል። ቡሎን ተሰበረ ማለት ነው።

የተሰበረው ከትንሽ ጣት የማይወፍር ብረት ነው። አዲሱን ልግዛ ቢሉ ከአንድ ምሳ ዋጋ ላያልፍ ይችላል። ጣጣው ያለው ውስጥ የቀረው ግማሹ ላይ ነው። እሱን ለማውጣት ድሪል ይፈለጋል፣ በያጅ ይጠራል፣ ካልሆነም ዕቃው በሙሉ ተነቅሎ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። የአንድ ሰዓት የተባለው ሥራ ሁለት ቀን ይፈጃል።

ወንድሜ ይሄ ደርሶበታል። በቪትዝ የሜትር ታክሲ ነው የሚሠራው። ባለፈው ክረምት ማርሚታውን ሊያስቀይር አንድ ጋራዥ ገባ። ‹‹ለምሳ ትደርሳለህ›› ተባለ። ልጁ ቡሎኑ እምቢ ሲለው ቁልፉ ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክቶ ተንጠለጠለበት። ጧ! ወንድሜ ለምሳ ቀርቶ ለማግስቱ እራትም አልደረሰም። የብየዳውን፣ የቶርኖውን፣ መኪናው ሁለት ቀን የቆመበትን ኪሳራ ሁሉ የከፈለው እሱ ነው። ጋራዡ ደግሞ የእጁን ዋጋ ሳይሸራረፍ ተቀበለ።

ነገሩ ከነከነኝ። ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ይሆናል፣ ከብረቱ በፊት የታየኝ ሂሳቡ ነው፤ የሚሰብረው አንድ ሰው፣ የሚከፍለው ሌላ ሰው። ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን ከመኪና ሥር ያሳለፉ አንድ አዛውንት መካኒክ ጋር እየሄድኩ፣ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ማየትና መጠየቅ ጀመርኩ። ከእሳቸው ያየሁትንና ከዚያም አንብቤ ያመሳከርኩትን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ። መኪና ባይኖራችሁም አንብቡት፤ የአባታችሁ፣ የአጎታችሁ ወይም የአከራያችሁ መኪና አንድ ቀን እናንተን ‹‹እስቲ ና ያዝልኝ›› ማለቷ አይቀርም።

ቡሎኑ ለምን እምቢ ይላል?

ቡሎን ስናጠብቅ ጉልበታችን በሙሉ ዕቃውን ቆንጥጦ ለመያዝ የሚውል ይመስለናል። አይደለም። በመሐንዲሶች የተለመደ ስሌት መሠረት ከጉልበቱ 90 በመቶ ያህሉ በሰበቃ ነው የሚያልቀው። ግማሽ ያህሉን ከቡሎኑ ጭንቅላት ሥር ያለው ሰበቃ ይበላዋል፣ 40 በመቶ ያህሉን ደግሞ ጥርሶቹ መሃል ያለው። እውነተኛውን የመያዝ ሥራ የሚሠራው የቀረው 10 በመቶ ገደማ ነው። ይህችን ቁጥር ያዟት፣ ወደ መጨረሻው እንፈልጋታለን።

እንግዲህ ሥራው ሁሉ ሰበቃ ከሆነ፣ ጥርሶቹ መሃል የሚገባ ማንኛውም ነገር ሂሳቡን ያናጋል። ዝገት ደግሞ ዝም ብሎ የሚቀመጥ አቧራ አይደለም። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ዝገቱ ከብረቱ ከ2 እስከ 6 እጥፍ የሚደርስ ቦታ ይይዛል። ጥርስና ጥርስ መሃል ያለችው ክፍተት በጣም ጠባብ ናት። እዚያ ውስጥ ያበጠ ዝገት ቡሎኑን እንደ ሽብልቅ ወጥሮ ይይዘዋል።

አሉሚኒየም ሲገባበት ሌላ ጣጣ ይመጣል። የብረት ቡሎን አሉሚኒየም ውስጥ ተጠብቆ እርጥበትና ጨው ካገኘው፣ ሁለቱ ብረቶች እንደ ትንሽ ባትሪ ይሠራሉ። የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው፤ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ጥርሱን ይሞላዋል። በዛሬ መኪኖች ላይ ቴስታታውም፣ የካምቢዮው ሽፋንም በአብዛኛው አሉሚኒየም ስለሆነ ይሄ ችግር ሩቅ አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ እንደ ሚኒሶታ ባሉ በረዷማ ቦታዎች ታክሲ የሚነዱ ዘመዶች ካሏችሁ ጠይቋቸው። እዚያ በረዶው እንዲቀልጥ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል፣ የመኪናው ሆድ ዕቃ በጥቂት ዓመታት ቡናማ ይሆናል። የአዲስ አበባ መንገድ ጨው የለበትም። ግን ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው ያቺ መኪና ወደዚህ ሳትመጣ ክረምቷን የት እንዳሳለፈች ሁልጊዜ አያውቅም። እዚህም ቢሆን የክረምቱ ጭቃ አለ፤ ላቫጆ ቤት በኃይል የሚረጨው ውሃም ከሥር ባሉ ስንጥቆች ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል።

ቁልፉን የያዘው ሰው ሂሳብ

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። መካኒክ ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው በሰዓት ሳይሆን በሥራ ነው። ማርሚታ መቀየር ይህን ያህል፣ የፍሬን ሸራ መቀየር ያን ያህል። ቶሎ ከጨረሰ ቦታው ላይ ሌላ መኪና ይገባል። ስለዚህ ዘይት ረጭቶ ሁለት ሰዓት መጠበቅ ለእሱ ወጪ ነው።

በምሳሌ እንየው፤ ቁጥሮቹ ለማስረዳት ብቻ የያዝኳቸው ናቸው። ሁለት ሰዓት መጠበቅ መካኒኩን 1,000 ብር ያሳጣዋል እንበል። ሳይጠብቅ ቢታገል ከ10 ጊዜ 2 ጊዜ ቡሎኑ ይሰበራል፣ አንዱ ስብራት ደግሞ 8,000 ብር ያስወጣል። በአማካይ ችኮላው 1,600 ብር ያስከፍላል ማለት ነው። ሂሳቡ ግልጽ ነው፤ መጠበቅ ይሻላል። ግን 8,000 ብሩን የሚከፍለው ባለ መኪናው ከሆነስ? ያኔ ለመካኒኩ የችኮላ ዋጋ ዜሮ ነው፣ የመጠበቅ ዋጋ ግን አሁንም 1,000 ብር። ስለዚህ ቧንቧውን ይሰካል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሂሳቡ ነው የሚገፋው።

ይህ ሂሳብ ዛሬ ከበፊቱ ይከብዳል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። መለዋወጫ ደግሞ በዶላር ነው የሚመጣው። በእጃችን ያሉት ቪትዞችና ኮሮላዎች ገና ብዙ ዓመት ሊያገለግሉን ነው፤ በየዓመቱም ቡሎኖቻቸው ይፈታሉ፣ ይታሰራሉ። አንድ የተበላ ጥርስ አንድ ሙሉ ዕቃ ሊያስለውጥ ይችላል።

መፍትሔው መካኒኩን መስደብ አይደለም። መጠበቁን ማንንም ወደማያስከፍል ሰዓት ማዛወር ነው። መኪናው ሌሊት ቆሞ ነው የሚያድረው። ያ ሰዓት ነጻ ነው።

ሥራው ከማታው ይጀምራል

ነገ ጋራዥ የምትገቡ ከሆነ የትኛው ቡሎን እንደሚፈታ ዛሬ ጠይቁ። ማታ ሞተሩና ጭስ ማውጫው ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ፣ ጥርሱ ብቅ ያለበትን ቦታ በሽቦ ብሩሽ አጽዱና የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ርጩ። ከቻላችሁ ከመተኛታችሁ በፊት አንዴ፣ ጠዋት ስትነሱ አንዴ ድገሙት። ዘይቱ በጠባቧ ክፍተት ውስጥ ራሱ እየተሳበ ይገባል፤ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሁለት ነገር ግን ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ ዘይቱ ተቀጣጣይ ስለሆነ የጋለ ማርሚታ ላይ አይረጭም። ሁለተኛ፣ የፍሬን ሸራና ዲስክ ላይ እንዳይደርስ፤ ከደረሰ ፍሬኑ አይዝም።

ብዙ ሰው የሚያውቃት ሰማያዊና ቢጫዋ ደብልዩ ዲ 40 ናት። ታሪኳ ደስ ይላል። በ1953 እ.ኤ.አ. ሳንዲያጎ ውስጥ ሮኬት ኬሚካል የተባለ ትንሽ ኩባንያ የሠራት ናት። የታሰበችውም ውሃ አባርራ ዝገት እንድትከላከል ነበር፤ አትላስ በተባለው ሚሳኤል አካል ላይ ውላለች። ስሟም ‹‹ውሃ ማባረሪያ፣ 40ኛ ሙከራ›› እንደማለት ነው። ስለዚህ ዝገትን ሰርስሮ ለመግባት ብሎ የተሠራ ዘይት ካገኛችሁ እሱ ይሻላል። ካላገኛችሁ እሷም ታግዛለች። ናፍጣ የሚቀቡም አሉ፤ ቀጭን ስለሆነ የተወሰነ ይገባል። ከሁሉም በላይ ግን የሚሠራው ሌሊቱ ነው።

ጠዋት፣ ከጉልበት በፊት

አዛውንቱ መካኒክ መጀመሪያ የሚያዩት የቁልፉን አፍ ነው። ባለ 12 ጠርዝ ሶኬት ለዛገ ቡሎን አይሆንም፤ ጥጉን ብቻ ስለሚይዝ ያንሸራትትና ጭንቅላቱን ያከብበዋል። ባለ 6 ጠርዝ ይሻላል፣ ጎኑን በሙሉ ስለሚይዝ። አፉ ክፍት የሆነው ቁልፍ ደግሞ የመጨረሻ አማራጭ ነው። የቶዮታ ሰዎች ቁጥሮቹን ለምደናቸዋል፤ 10፣ 12፣ 14፣ 17፣ የጎማው ዳዶ 21። ‹‹13ቱ ይገባል፣ ትንሽ ብቻ ነው የሚወዛወዘው›› የሚል ሰው ካያችሁ ቁልፉን ቀሙት።

ቀጥሎ አቅጣጫው። ወደ ቀኝ ይጠብቃል፣ ወደ ግራ ይላላል፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። የቆዩ አይሱዙ መኪኖች የግራ ጎን ጎማ ዳዶዎች ተቃራኒ ናቸው። የብስክሌት የግራ ፔዳልም እንዲሁ ነው። አንድ ሰው ግማሽ ቀን ‹‹እየፈታሁ ነው›› ብሎ ሲያጠብቅ ሊውል ይችላል።

ከዚያ መዶሻ። የቡሎኑን ጭንቅላት ቀጥ አድርጎ ደጋግሞ መምታት፣ ጠንከር ብሎ ግን ሳያበላሹ። ምቱ ዝገቱን ያሰነጥቀዋል፣ በስንጥቁ ዘይቱ ይገባል። ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። ከመፍታት በፊት ትንሽ ወደ ማጥበቂያው መግፋት! አንድ ጊዜ በየትኛውም አቅጣጫ ንቅል ካለ ዝገቱ ተሰብሯል። ከዚያ ሩብ ዙር መፍታት፣ ስምንተኛ ዙር መመለስ፣ ዘይት መርጨት፣ እንደገና።

አንድ ቀን ረዳታቸው ትዕግሥቱ አልቆ ቧንቧ ይዞ መጣ።

‹‹አንተ ልጅ፣ ቧንቧዋን መልሳት።››

‹‹ጋሼ፣ ካለሷ አይፈታም እኮ!››

‹‹ይፈታል። የቸኮልከው አንተ ነህ፤ እሱ የት ይሄዳል?››

ቧንቧዋን ለምን እንደሚጠሏት በቁጥር ላስረዳ። ጭንቅላቱ 10 ሚሊሜትር የሆነ ትንሽ ቡሎን የሚጠብቀው በ10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። ይህ ማለት 20 ሳንቲሜትር በሆነ ቁልፍ ጫፍ ላይ 5 ኪሎ መጫን ነው። ባለ 12ቱ ደግሞ ወደ 25 ኒውተን ሜትር ይጠጋል፤ በዚያው ቁልፍ 12 ኪሎ ተኩል ገደማ ነው። አሁን 50 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በ1 ሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ ሲንጠለጠል አስቡት። ወደ 490 ኒውተን ሜትር ይደርሳል። የቪትዝ የጎማ ዳዶ እንኳን የሚጠብቀው በ103 ነው። ያ ልጅ ቡሎኑ ምን እንደተሰማው በእጁ ሊያውቅ አይችልም፤ ቧንቧዋ ስሜቱን ሁሉ ትውጠዋለች።

ስሜቱ ደግሞ ዋናው ነገር ነው። ቡሎኑ ‹‹ሲጥ ሲጥ›› እያለ ከዞረ ጥሩ ነው፣ እየተላቀቀ ነው። ምንም ድምፅ ሳያሰማ እንደ ማስቲካ ከለመጠላችሁ ግን ወዲያው አቁሙ። እየተፈታ ሳይሆን እየተጠመዘዘ ነው፤ ቀጣዩ ድምፅ ‹‹ጧ›› ነው። በተለይ የፍሬን አየር ማስወጫዋ ቪቴ መሃሏ ክፍት ስለሆነች በቀላሉ ትቀነጠሳለች።

አንዳንዱ ነገር ደግሞ ብልሃቱ ከፋብሪካው ተሠርቶለት ነው የሚመጣው። የብዙ ቶዮታዎች የኋላ ፍሬን ታምቡር አልወጣ ሲል በመዶሻ ሲቀጠቀጥ አይቻለሁ። ልብ ብላችሁ ብታዩ ግን ፊቱ ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። ጭንቅላታቸው 12 የሆኑ ሁለት ቡሎኖች እያፈራረቁ ሲያጠብቁባቸው ታምቡሩ ራሱ እየተገፋ ይወጣል። የእጅ ፍሬኑን መልቀቅ ግን አትርሱ።

እሳትና ብየዳ

ዘይትም መዶሻም ካልበቃ እሳት አለ። ብረት ሲሞቅ ይሰፋል። በ300 ዲግሪ ሙቀት የጨመረ የ10 ሚሊሜትር ብረት የሚሰፋው 0.036 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ የአንድ ፀጉር ግማሽ ውፍረት ገደማ። ትንሽ ትመስላለች፣ ዝገትን ለመሰንጠቅ ግን ትበቃለች። የሚሞቀው ዳዶው ነው እንጂ ቡሎኑ አይደለም፤ ዳዶው ሰፍቶ ቡሎኑን እንዲለቅ።

ይሄን ግን ቤት ውስጥ አትሞክሩት። ነዳጅ መስመር፣ የፍሬን ጎማ ቱቦ፣ የረጫችሁት ዘይት፣ ሁሉም እሳት ይወዳሉ። ክሎሪን ያለበት የፍሬን ማጽጃ የተረጨበት ቦታ ሲሞቅ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ለባለሙያ ተውት። እናንተ ከታች የምትሠሩ ከሆነም መነጽር አድርጉ፣ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥርም አትግቡ።

ተሰብሮ ከሆነስ? ጥቂት ብቅ ካለ፣ በላዩ ላይ ዳዶ አስቀምጦ መሃሉን መበየድ አሪፍ ዘዴ ነው። የብየዳው ሙቀት ዝገቱን ያላላል፣ ዳዶው ደግሞ አዲስ ጭንቅላት ይሆናል። ውስጥ ከቀረ መሃሉን በሹል ብረት ነጥብ መትቶ በድሪል መብሳት ነው። ተበስቶ የሚገባውን ጥምዝ ማውጫ ግን በጉልበት አትጠምዝዙት። በጣም ጠንካራ ብረት ስለሆነ ውስጥ ከተሰበረ ተራ የድሪል ጫፍ አይበሳውም። ያኔ የእውነት ቶርኖ ቤት ነው።

የሚቀጥለው ሰው

አበው ‹‹ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል›› ይላሉ። ቡሎን ላይ ተረቱ ይገለበጣል፤ እየሮጡ ያሰሩት ቆመውም አይፈታም። ዛሬ እምቢ ያለው ቡሎን፣ ከዓመታት በፊት አንድ የቸኮለ ሰው ጥርሱን ሳያጸዳ፣ ደረቁን አስሮት የሄደ ሊሆን ይችላል። ያ ሰው ሁለት ደቂቃ አተረፈ፤ ሁለት ቀን የከሰረው ሌላ ሰው ነው። ትምህርት ቤት ‹‹ውጫዊ ወጪ›› ብለን የምንማረው ይሄንን ነው፤ የፋብሪካ ጭስን በምሳሌ ያስተምሩናል እንጂ ቡሎንም ይሆን ነበር።

ስለዚህ ስታስሩ ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ አጽዱ። በጣም የዛገውን በተመሳሳይ ጥንካሬ ቀይሩት፤ ጭንቅላቱ ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ጽሑፍ ካለ አዲሱም ያው ይሁን። ለጭስ ማውጫው ሙቀት የሚችል፣ ከመዳብ የተሠራ ቅባት በስሱ ቀቡ። የጎማ ዳዶ ላይ ግን ግራሶ አትቀቡ። ለምን? ያቺን 90 በመቶ አስታውሱ። ሰበቃው ሲቀንስ በዚያው 103 ኒውተን ሜትር ዳዶው ከሚገባው በላይ ይወጥራል፤ ቡሎኑ ይለጠጣል።

ጋራዥ ስትገቡም ሥራው ሳይጀመር ሁለት ነገር ተነጋገሩ። ‹‹ከማታው ዘይት ረጭቻለሁ፣ አትቸኩልብኝ›› በሉ። ቀጥላችሁ ‹‹ቡሎን ቢሰበር ወጪውን እንዴት እንካፈላለን?›› ብላችሁ ጠይቁ። ግማሽ በግማሽ እንኳን ብትስማሙ ከላይ ያየነው ሂሳብ ይለወጣል። የስብራቱ ዋጋ መካኒኩንም መንካት ሲጀምር ቧንቧዋን ከግድግዳዋ ከማንሳቱ በፊት ሁለቴ ያስባል። እምቢ ካለም ጥሩ ነው፤ ማን ጋር እየሠራችሁ እንደሆነ መኪናው ሳይፈታ አወቃችሁ።

ቡሎናችሁን ያላላላችሁ፤ ቸር እንሰንብት።